ሐሰን ለምን «አዎ» አለ?

ጥያቄ — የሽምብጥ አንባቢ

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ኻሊድ ሆሴይኒ «ዘ ካይት ረነር» የምጠይቀው ነገር አለኝ። መጽሐፉን ገና እያነበበ ያለ ሰው ካለ ይህን ይለፈው፤ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ነው የማወራው።

ባሕር ዳር ነው ያለሁት። ፔዳ ግቢ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ከሰፈር ልጆች ጋር ጣና ዳር ተቀምጠን እናነባለን። አብዛኞቹ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው በአማርኛ ያወራዋል። አሁን ምዕራፍ 9 ላይ ደርሰናል። እዚያው ላይ ተከራክረን ቀረን።

ካነበባችሁት ለቆያችሁ ላስታውሳችሁ። ካቡል ነው፣ ጊዜው 1970ዎቹ እ.ኤ.አ.። አሚር የሀብታም ልጅ ነው፤ በዘሩ ፓሽቱን፣ በሃይማኖቱ ሱኒ። ሐሰን የቤቱ አገልጋይ የዓሊ ልጅ ነው፤ ሀዛራ ከሚባለው የተናቀ ሕዝብ፣ ሺዓ። ሁለቱም እናት አላሳደጋቸውም። ያጠባቻቸው አንዲት ሴት ናት፤ የጡት ወንድማማቾች ናቸው ማለት ነው። አሚር ትልቁ ቤት ውስጥ ይተኛል፣ ሐሰን ጓሮ ካለችው የጭቃ ጎጆ። ጠዋት አሚር ትምህርት ቤት ሲሄድ ሐሰን ቁርሱን አቅርቦ፣ ልብሱን ተኩሶ ነው የሚሸኘው።

ክርክሩ እንዲህ ተጀመረ። አንዱ ልጅ፣ «ሐሰን ታማኝ አይደለም፤ ለምዶበት ነው። አሽከር ሆኖ የተወለደ ልጅ እምቢ ማለትን ከየት ይማራል?» አለ። አንዷ ተነስታ፣ «ታማኝ እሱ ካልሆነ ማን ሊሆን ነው?» አለችው። ከዚያ በኋላ ማን ይስማ!

የኔን ልንገራችሁ። ሐሰን ዝም ብሎ የሚታዘዝ ልጅ አይደለም። ሐሰን ይጠይቃል። ይህን ያየሁት መጽሐፉን ወደ ኋላ እየገለጥኩ ነው።

አሚር የመጀመሪያ ታሪኩን ሲጽፍ ያነበበው ለሐሰን ነው። አንድ ድሃ ሰው እንባው ዕንቁ የሚሆንበት አስማተኛ ጽዋ ያገኛል። ሀብታም ለመሆን ማልቀስ አለበት። መጨረሻ ላይ ሚስቱን ገድሎ የዕንቁ ተራራ ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል። ሐሰን ሰማና አደነቀ። ቀጥሎ ጠየቀ። ሰውዬው ሚስቱን ለምን ገደላት? ሽንኩርት ቢያሸትስ አይበቃውም ነበር? ፊደል ያልቆጠረው ልጅ የታሪኩን ቀዳዳ በአንድ ጥያቄ አገኘው። አሚር የሚመልሰው አጣ።

ሌላ ቀን አሚር ሊፈትነው፣ አፈር ብላ ብልህ ትበላለህ ወይ ይለዋል። ሐሰን፣ ካልከኝ እበላለሁ አለ። ግን እዚያ አላቆመም። አንተስ እንዲህ ያለ ነገር ታዘኛለህ ወይ ብሎ መለሰለት። ፈተናው ተገለበጠ። አሁን የሚፈተነው አሚር ነው።

ከዚያ ሮማኑ ይመጣል። ከቤታቸው በስተሰሜን ካለው ኮረብታ ላይ፣ መቃብር አጠገብ፣ አንድ የሮማን ዛፍ አለ። አሚር መጽሐፍ የሚያነብለት እዚያ ሥር ነው። ግንዱ ላይ አሚር የሁለቱንም ስም ቀርጾ የካቡል ሱልጣኖች ብሎ ጽፏል። አሚር አባቱን ሊያስደስት ካሸነፈበት የካይት (በክር የሚበር ወረቀት) ውድድር በኋላ ግን ሁሉም ተበላሽቷል። ሐሰን አሚር የቆረጠውን ሰማያዊ ካይት ሊያመጣለት ሮጦ ሳለ፣ አሴፍ የሚባል የሰፈሩ ጉልቤ መንገድ ውስጥ ይዞ ደፍሮታል። አሚር ተደብቆ አይቶ ሸሽቷል። ሐሰን ለማንም አልተናገረም። አሚር ዛፉ ሥር ወስዶት የበሰለ ሮማን ይወረውርበታል፤ ምታኝ፣ መልሰህ ምታኝ እያለ ይጮህበታል። የሐሰን ልብስ ደም የነካው ይመስላል። ሐሰን አንድ ሮማን አነሳ። ተጠጋው። ሰነጠቀና የገዛ ግንባሩ ላይ ፈጠፈጠው። ከዚያ፣ አሁን ደስ አለህ? ቀለለህ? ብሎ ጠይቆት ወረደ።

እኔ ይህን እንደ ሽንፈት አላየውም። አሚር የሚፈልገው እንዲመታና ሒሳቡ እንዲዘጋለት ነበር። ሐሰን አልዘጋለትም። ጥያቄውን ትቶበት ሄደ።

እስከዚህ ድረስ ልጆቹን አሳምኛቸው ነበር። ምዕራፍ 9 ላይ ስንደርስ ግን እኔም ተያዝኩ። አሚር ለልደቱ የተሰጠውን ሰዓትና ገንዘብ ሐሰን ፍራሽ ሥር ይደብቃል። ሌባ ተብሎ እንዲባረርለት ነው። አባቱ ባባ ሐሰንን አስጠርቶ፣ አንተ ነህ ወይ ይለዋል። ሐሰን «አዎ» አለ። በቃ። አንድ ቃል። እዚህ ላይ ጥያቄው የት ሄደ? ለኔ ከሮማኑም ከካይቱም ይልቅ ያቺ ቃል ናት እንቅልፍ የነሳችኝ። እናንተ እንዴት ነው የምታነቧት?

መልስ 1 — ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ ጥሩ አድርገሽ ነው ያነበብሽው። ሽንኩርቱን ብዙ ሰው ያልፈዋል።

እኔ መጽሐፉን የወደድኩት በሌላ ምክንያት ነው። ዛሂር ሻህ ከዙፋናቸው የወረዱት በሐምሌ 1973 እ.ኤ.አ. ነው። ጃንሆይ የወረዱት በ1974 እ.ኤ.አ.፣ በኛ መስከረም 1967። ያኔ ተማሪ ነበርኩ። የደህና ሰው ቤት ሁሉ እንደ ዓሊና እንደ ሐሰን ያሉ ሰዎች ነበሩበት። ከቤቱ ልጅ ጋር ተጫውተው ያድጉና የቤቱ ልጅ ወደ አስኳላ ሲሄድ እነሱ ወደ ጓዳ ይመለሳሉ። ስለዚህ ያንቺ ተማሪ «ለምዶበት ነው» ማለቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ልጁን አትቆጪው።

ግን አንድ ነገር አሳዪው። መንገዱ ውስጥ አሴፍ ለሐሰን ምርጫ ሰጥቶት ነበር። ሰማያዊውን ካይት ስጠንና ሂድ ብሎታል። አሚር አንተን እንደ ጓደኛ አያይህም፣ የሚጫወትብህ እንስሳ ነህ ብሎታል። ሐሰን፣ ጓደኛሞች ነን አለ፤ ካይቱንም አልሰጥም አለ። ፍንክች አላለም። አሚር አያየኝም ብሎ ነው። የሚያዘውም የሚያመሰግነውም ሰው በሌለበት የተደረገ ነገር ልማድ ሊባል አይችልም።

ወደ «አዎ»ው ልምጣ። አሚር ራሱ የሚለውን ልብ በይ። ሐሰን «አይደለሁም» ቢል ባባ ያምነው ነበር፤ ሐሰን እንደማይዋሽ ሁሉም ያውቃልና። ያ ማለት ውሸታሙ አሚር መሆኑ ይታወቃል ማለት ነው። ባባ ደግሞ ለሱ ኃጢአት አንድ ናት፤ ስርቆት። ሌላው ሁሉ የስርቆት ዓይነት ነው ብሎ ነው ልጁን ያሳደገው። እንግዲህ ሐሰን እውነቱን ቢናገር አሚር አባቱን ያጣል። አሚር የአባቱን ፍቅር ለማግኘት ስንት እንደደከመ ደግሞ ከሐሰን በላይ የሚያውቅ የለም። ካይቱም ለዚያው ነበር።

ሌላው ለልጆቹ ገና የማትነግሪያቸው ነገር ነው። ሐሰን የባባ ልጅ ነው። አሚር ይህን የሚሰማው በ2001 እ.ኤ.አ. ከባባ ወዳጅ ከራሂም ኻን አፍ ነው፤ 25 ዓመት አልፎ፣ ሐሰን ከሞተ በኋላ። ስለዚህ በዚያ ክፍል ውስጥ ባባ በሁለት ልጆቹ መካከል ሊፈርድ ነበር የተቀመጠው። ሐሰን ሳያውቅ ከዚያ ፍርድ አዳነው። እኔ እዚህ ቦታ ስደርስ መጽሐፉን ማስቀመጥ ነበረብኝ።

ስለ ሮማኑ አንዲት ነገር ብቻ። የቄስ ትምህርት ያለው ሰው ሮማን ሲባል የሚመጣለት በኦሪት ዘጸአት 28 የአሮን ቀሚስ ዘርፍ ላይ ያለው ነው፤ ሮማን ከወርቅ ሻኩራ ጋር። ያ የኛ ንባብ ነው፣ መልካም ነው፣ ግን የካቡሉን ዛፍ አይፈታውም። ይልቅ ከንፈሩን ጠይቂያቸው። ሐሰን የተወለደው ከንፈሩ ተሰንጥቆ ነው። ባባ ለልደቱ ሐኪም አምጥቶ አሰፋለት። መጨረሻ አካባቢ አሴፍ አሚርን ሲደበድበው የሚሰነጠቀው የላይኛው ከንፈሩ ነው፤ ልክ የሐሰን ቦታ ላይ።

መልስ 2 — ከፖሊ

መምህርን አከብራለሁ፤ እህቴንም እንደዚሁ። ግን ሁላችሁም ሐሰንን የምታውቁት ይመስል ነው የምታወሩት። ታሪኩን የሚያወራው አሚር ነው። ሐሰን ያለውን፣ ያሰበውን፣ ፊቱ ላይ የታየውን የነገረን ያው የበደለው ሰው ነው። የበደልከው ሰው ይቅር እንዳለህ ማመን ትፈልጋለህ። ስለዚህ ሐሰን መልአክ ሆኖ ቢታይ አይገርምም።

እውነቱን ለመናገር ይኼ መጽሐፍ እዚህ ላይ ያናድደኛል። አሚር እንዲያድግ ሐሰን መደፈር፣ መባረር፣ መሞት አለበት? እናቶቻችን «ወዳጅህ ማር ቢሆን ጨርሰህ አትላሰው» ይላሉ። አሚር ላሰና ጨረሰ። ደራሲው ደግሞ አሚርን ሰው ለማድረግ ማሩን ያቀረበ ይመስለኛል።

የእህቴን ጥያቄ ግን አልሸሽም። ከ«አዎ»ው በኋላ ያለውን አንብቡ። ባባ ይቅር አለ። ስርቆትን እንደዚያ የሚጠላው ሰው ወዲያው ይቅር አለ! ዓሊ ግን እንሄዳለን አለ። ባባ ለመነ፣ አለቀሰ፤ አሚር አባቱ ሲያለቅስ ያየው ያን ቀን ነው። ዓሊ አልተመለሰም። ሐሰን ለአባቱ ሁሉን እንደነገረው ከዓሊ ዓይን ያስታውቃል። ዕቃቸውን ይዘው በዝናብ ወጡ፤ የሀዛራዎች አገር ሀዛራጃት ገቡ።

መልሱ ይኸው። «ወንጀልህን እሸፍንልሃለሁ፤ ካንተ ጋር ግን አልኖርም።» ልጆቹ ታማኝነት ሲሉ እስከ መሞት አብሮ መቆየት ይመስላቸዋል። ሐሰን እኮ ሄዷል። ያንን ንገሪያቸው።

መልስ 3 — የደንገል ልጅ

እዚህ ብዙም አልጽፍም፤ ይህን ግን ማለፍ አልቻልኩም።

አባቴ ታንኳ ሠሪ ነው። ደንገል አጭዶ፣ አድርቆ፣ አስሮ ነው ያሳደገን። ወይጦ ነን። ጣና ዳር ያደገ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። እኛ ቤት እህል የማይቀምስ ጎረቤት ነበር። እኛ የጠጣንበትን ጣሳ የማይነካ ነበር። አያቶቻችን ጉማሬ ይበሉ ነበር ተብሎ፣ እስልምናችን እንኳ እስልምና አይደለም የሚለን አልጠፋም። ስለዚህ አሴፍ ሐሰንን በመንገድ ሲሰድበው መዝገበ ቃላት አላስፈለገኝም።

ልጅ ሆኜ ጓደኛ ነበረችኝ። ውኃ ዳር አብረን ነው የምንውለው። የክፍል ልጆች ሲመጡ ግን አታውቀኝም። አሚር እንግዳ ልጆች ሲመጡ ሐሰንን ወደ ጨዋታው አይጠራውም፤ ጓደኛዬ ብሎም አያስበውም። አንድ ቦታ ላይ ራሱን ይጠይቃል፤ ሌላ ሰው ሲጠፋ ብቻ ለምንድነው ከሱ ጋር የምጫወተው ብሎ። ያንን ሳነብ ጓደኛዬን ነው ያየሁት። አልተቀየምኳትም። ልጅ ነበረች። እሷም ቤቷ ውስጥ የሚባለውን እየሰማች ነው ያደገችው።

መምህር ሆይ፣ «አይደለሁም» ቢል ይታመን ነበር ያሉትን አሚር ነው ያለው። ከፖሊ እንዳለው፣ ተናጋሪው እሱ ነው። እኔ ከሐሰን በኩል ልንገርዎት። ክፍል ውስጥ ዕቃ ሲጠፋ ዓይን ሁሉ መጀመሪያ ወደ እኔ ነበር የሚዞረው። «አልወሰድኩም» ማለት ምን ያህል እንደሚያዋርድ የደረሰበት ያውቀዋል። አልወሰድኩም ስትል ሌባ ሊባል በሚችል ሰው ቦታ ቆመህ ነው የምትለምነው። ሐሰን ልመናውን ነው እምቢ ያለው። «አዎ» ሲል ማንንም እመነኝ አላለም። እኔ እዚያ ላይ ሽንፈት አይታየኝም፤ አሽከርነትም አይታየኝም።

ሌላው ማንም ያላነሳው የሐይቁ ሕልም ነው። ምዕራፍ 7 መጀመሪያ ላይ፣ በውድድሩ ጠዋት፣ ሐሰን ያየውን ሕልም ለአሚር ይነግረዋል። ጋርጋ ሐይቅ ነው፣ ሰው ሁሉ ዳር ቆሟል። ውኃው ውስጥ ጭራቅ አለ ተብሎ ማንም አይገባም። አሚር ጫማውን አውልቆ፣ ጭራቅ የለም ብሎ ዘሎ ይገባል። ሐሰን ይከተለዋል። አሚር፣ አንተ እኮ ዋና አትችልም ሲለው ሐሰን ይስቃል፤ ሕልም ነው፣ በሕልም ሁሉ ይቻላል። መሐል ድረስ ዋኙ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ሐይቁም በሁለቱ ስም ተጠራ።

ጣና ዳር ላደገ ልጅ ውኃ ውስጥ የሚያስፈራ ነገር አለ መባሉ ተረት አይደለም። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በደብረ ማርያም በኩል ጉማሬው አለ፤ ታንኳ ይገለብጣል። መጀመሪያ ዘሎ መግባት ምን እንደሆነ እናውቃለን። እና ሐሰን በሕልሙ ደፋሩን ሰው ማን አደረገው? ራሱን አይደለም። አሚርን ነው። ዛፉ ላይ ስማቸውን የቀረጸው አሚር ነው፤ ሐይቁን በሁለቱም ስም የሰየመው ግን የሐሰን ሕልም ነው። በኋላ አሚር፣ ጭራቅማ ነበር፣ ሐሰንን እግሩን ይዞ ወደ ታች የጎተተው እኔ ነኝ ይላል። ለኔ የመጽሐፉ ምልክት ያ ሐይቅ ነው። ሮማኑ ይቆየኝ።

መልስ 4 — የሽምብጥ አንባቢ

የጻፋችሁልኝን ሁሉ ደጋግሜ አነበብኩት። የደንገል ልጅ፣ ያንቺን ለልጆቹ ላነብላቸው እፈልጋለሁ፤ ከፈቀድሽልኝ ብቻ።

መምህር፣ ያሉትን ምርጫ ይዤ ከዚያ ልጅ ጋር እንደገና እነጋገራለሁ። ካይቱን ስጥና ሂድ መባሉን እሱም አንብቦታል፤ ምን እንደሚል ልስማ።

ከፖሊ፣ ሐሰን መልአክ የሆነው አሚር ስለሚያወራው ነው ያልከው ልክ ሊሆን ይችላል። ግን የሐሰን የራሱ እጅ ያለበት አንድ ቦታ አለ። ምዕራፍ 17፣ ደብዳቤው። አሚር ዛፉ ሥር እያነበበለት፣ የማያውቀውን ቃል ሲጠይቀው ትርጉሙን እያጣመመ ይሥቅበት የነበረው ልጅ፣ አድጎ ማንበብና መጻፍ ተምሯል። ልጁን ሶህራብ ብሎታል፤ ሻህናሜ ከሚባለው የፋርስ የጀግኖች መጽሐፍ ውስጥ፣ አብረው ከወደዱት ታሪክ፣ አባቱ ሩስተም ሳያውቀው ከገደለው ልጅ። ለልደቱ እኮ ዓሊና ሐሰን ከደሃ ኪሳቸው ለአሚር የሰጡት ያንኑ መጽሐፍ ነበር፣ አዲስ፣ ሥዕል ያለው። አሚር ከክምሩ ሥር ጣለው። ሐሰን ታሪኩን በልጁ ስም ያዘው።

ደብዳቤው ውስጥ የዚያ መንገድ ነገር አይነሳም። የሰዓቱም አይነሳም። ሆዱ ውስጥ እንዳለ ነው። የሚጽፈው ታሊባን ከተማዋን ምን እንዳደረጋት፣ በድርቁ ምክንያት የሮማኑ ዛፍ ማፍራት እንዳቆመ፣ ሶህራብ በወንጭፍ እንዴት ጎበዝ እንደሆነ ነው። መጨረሻ ላይ፣ ከመጣህ የድሮ ታማኝ ወዳጅህ ይጠብቅሃል ይለዋል። ታማኝ ያለው እሱ ራሱን ነው፤ አሚር አይደለም ያለው። አሚር ደብዳቤውን ሲያነብ ግን ሐሰን በሕይወት የለም። የባባን ቤት አልለቅም ብሎ ታሊባኖች መንገድ ላይ ገድለውታል።

አሚር እንዲያድግ ሐሰን መሞት አለበት ወይ ለሚለው መልስ የለኝም። እኔም ያመኛል። ግን መጽሐፉ አሚርን በቀላሉ የሚለቀው አይመስለኝም። ሶህራብን ከካቡል ካወጣው በኋላ እንኳ ሕፃናት ማሳደጊያ አልመልስህም ብሎ ቃል ገብቶ፣ ጠበቃ ሲያነጋግር ቃሉን ያጥፋል። ልጁ ራሱን ሊያጠፋ ሞከረ። ለወራት ዝም አለ። አሜሪካ ሄዶ፣ መናፈሻ ውስጥ ካይት ተቆርጦ አሚር ሊያመጣለት ከመሮጡ በፊት፣ ያገኘው አንዲት በአንድ ጎን ያለች ፈገግታ ናት። ይቅርታ ተደረገለት አይልም።

ቅዳሜ ምዕራፍ 9ን ደግመን እናነባለን። ሙሉዓለም የባህል ማዕከል ጋ ከቀኑ 9 ሰዓት ተገናኝተን ወደ ውኃው እንወርዳለን። መጽሐፉ ያለው ይዞ ይምጣ፤ ያለን ቅጂ አይበቃንም።

መልስ 5 — የደንገል ልጅ

አንብቢላቸው፤ ፈቅጃለሁ። ወይጦ የሚለውንም እንዳትዘይው።

ምዕራፍ 7ን ቀድማችሁ የምታነቡ ከሆነ እመጣለሁ። ሕልሙን እኔ ላንብብ።